የዝናሽ ድርሻ

አምባ ጊዮርጊስ፣ የካቲት 12

ለእትዬ ዝናሽ፣

ባለፈው ሐሙስ አውቶብስ በሩጫ ቀደምሁ። ከገበያው ዳር ተነሥቼ ትልቁን የደባርቅ አውቶብስ፣ ሰው ሙሉ እንደጫነ፣ ወደ ኋላ አስቀረሁት። ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን እያወጣ አጨበጨበልኝ። እርግጥ ነው፣ አውቶብሱ ጎማው ተንፍሶ ቆሞ ነበር። ያም ሆኖ ጎማው እስኪቀየር ቆሜ ልጠብቀው አልችልም፤ መቅደም መቅደም ነው።

አሁን መነጽርሽን አውልቀሽ ጠርገሽ እንደገና ከላይ እንደምትጀምሪ አውቃለሁ። አዎ፣ እኔ ነኝ፣ በላቸው። የቄስ ልጅ ሆኖ ፊደል ሳይለይ ስድሳ አንድ ዓመት የሞላው ታናሽ ወንድምሽ። ይኸን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። ከመስከረም ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን የማታ ትምህርት እየገባሁ ነው። መምህሬ እንዳልካቸው ይባላል፤ ልጄ ይሆናል በዕድሜ። ከወንዶች አንደኛ ወጥቻለሁ። ወንድ እኔ ብቻ ነኝ፤ የቀሩት ስድስቱ ሴቶች ናቸው። ዓመተ ምሕረቱን ያልጻፍሁት ቁጥር ገና መቶ ላይ ስለደረስን ነው። ለምን ተማርህ ብትይኝ እሱን ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ሩጫውን ያመጣችብኝ ያንች ልጅ ፀደይ ናት። ለጥምቀት ስትመጣ የመሮጫ ጫማ ይዛልኝ መጣች። «አጎቴ፣ ደም ግፊትህን በሩጫ እናወርደዋለን» አለችኝ። እዚያ ጎንደር ቅዳሜ ጧት ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር እንደምትሮጥ ነገረችኝ። «ማን እያሳደዳችሁ?» ብላት ሳቀች። እኔም ጫማው እንዳይከፋው ብየ ጀመርሁ።

የመጀመሪያው ቀን ምን ሆነ መሰለሽ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ከሮጠ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ከብት ተነድቷል። ገና የጎረቤቴን አጥር እንዳለፍሁ «ምነው? ምነው በላቸው? ማን ነው?» የሚል ጩኸት ከኋላየ ተነሣ። ዘወር ስል ጎረቤቴ ዓይናለም ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ትከተለኛለች። ከእሷ ኋላ ሦስት ወንዶች ዱላ ይዘው። «ለጤናየ ነው!» ብየ ብጮህ ማን ሊሰማ! እኔ ስፈጥን እነሱም ይፈጥናሉ። ድልድዩ ላይ ትንፋሼ ሲቆረጥ ደረሱብኝ። ነገሩን ሳስረዳ ዓይናለም «ጤናህን ያጥፋው!» ብላ በነጠላዋ መታችኝ። ግን አንድ ነገር ልብ አልሁ፤ እኔን ሲከተሉ ያለ ጫማ፣ ያለ ልምምድ፣ አንዳቸውም አልቀሩም።

ግንቦት ልደታ እየመጣ ነው እትዬ። እንደ ደንቡ ከቤት ውጭ፣ ከአባታችን ቤት በላይ ካለው ወይራ ሥር እንሰበሰባለን። ንፍሮው ይቀቀላል፣ ታላቃችን አያ ወልደኢየሱስ ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል። ፀደይ ዓምና የጀመረችው የዘመድ ሩጫም አለ፣ ከወይራው እስከ ምንጩ። ዓምና ከስድሳ ዓመት በላይ ከሆኑት አሸናፊው እኔ ነበርሁ። አያ ወልደኢየሱስ ዳኛ ስለነበር አልሮጠም፤ ሌላ ስድሳ ያለፈው አልነበረም። ጆሮሽ ከሄደ ወዲህ ሦስት ልደታ ቀረሽ። ዘንድሮስ ትመጫለሽ?

መልሱን ለሹፌሩ ለአስናቀው ስጭው። ጆሮሽስ እንዴት ነው?

ወንድምሽ በላቸው
(ይኸን ፊርማ መቶ ጊዜ ተለማምጀዋለሁ)


ጎንደር፣ የካቲት 20

ይድረስ ለበላቸው፣

ደብዳቤህን አስናቀው ከማኪናው ወርዶ በእጄ ሰጠኝ። ቁጭ ብየ አነበብሁት፣ ተነሥቼ ቆሜ አነበብሁት። ከዚያ ለፀደይ አሳይቼ «ይኸን ማን ጻፈው?» አልኋት። ትከሻዋን ነቀነቀች።

እውነቱን ንገረኝ፤ ማን ጻፈልህ? መምህርህ ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ በለው። ውሸቱ ግን ያንተ ነው። የቆመ አውቶብስ ቀድሞ የሚኩራራ ሌላ ሰው በወገራ ምድር የለም። አንተን ፊደል ለማስቆጠር አባታችን ያልሞከሩት የለም። የኔታ ገና «ሀ» ሲሉ አንተ አጥሩን ዘለህ ጠፍተሃል። ከዚያ እኔን ይልኩኛል። ዳዊቴን አጥፌ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ ምንጩ ነው። አንድ ቀን እንኳ አምልጠኸኝ አታውቅም። ይኸንስ ለመምህርህ አውርተህለታል?

የዓይናለምን ነገር ሳነብ ሳቅሁ። ፀደይ ሥራ ሄዳ ስለነበር ብቻየን ነበርሁ። ሳቄን ስለማልሰማው ምን ያህል እንደጮኽሁ አላወቅሁም፤ ጎረቤት እንዳይደነግጥ አፌን ያዝሁ። በንባብ እንዲህ ከሳቅሁ ስንት ጊዜየ!

ጆሮየ እንደዚያው ነው። ሐኪሙ የሰጠኝ መሣሪያ የንብ ቀፎ ውስጥ የተቀመጥሁ ያስመስለኛል፤ መሳቢያ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ስለ ልደታ የጻፍኸው መስመር ላይ ግን ቀለም ፈሶበታል፤ ማንበብ አልቻልሁም።

ራስህ የጻፍኸው ከሆነ ና፣ ዓይኔ እያየ ጻፍ።

እህትህ ዝናሽ


አምባ ጊዮርጊስ፣ መጋቢት 10

እትዬ ዝናሽ፣

ራስ ምታቱ ለቀቀሽ ወይ?

ይኸው ጎንደር ድረስ መጥቼ በዓይንሽ አየሽ። የባጃጁ ወንበር ላይ ወረቀት ዘርግቼ «ዝናሽ» ብየ ስጽፍ አፍሽን ከፍተሽ ቀረሽ። ጽሑፌ ወደ ላይ የወጣው ከወንበሩ የተነሣ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ወረቀቷን አጥፈሽ ጉያሽ ውስጥ ስትከችያት ያላየሁ መሰልሁ እንጅ አይቻለሁ።

ቅዳሜ እንዴት ያለ ሸጋ ቀን ነበር! ከጎንደር እስከ ወለቃ ከነፀደይ ጋር ስሮጥ ሁሉንም ቀድሜያቸው ነበር፤ እነሱ ጫማቸውን እያሰሩ ሳለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላማ አንድ በአንድ እያለፉኝ «በርቱ አባባ!» ይሉኛል። «እናንተን እየጠበቅሁ ነው!» እላለሁ። አንችና ባለቤቴ ይመኙሽ በባጃጅ ስታልፉኝ እጅሽን አውጥተሽ ስታውለበልቢ ግን ጉልበቴ ታደሰ። ከዚያ እስከ ሸክላ ሻጮቹ ድረስ አልቆምሁም። ሁለት ጊዜ ብቻ።

ያ የዛፍ ጥላ፣ ያ ቆሎ፣ ፀደይ እግርሽ ላይ ራሷን አስተኝታ። ይመኙሽ «እንዲህ ያለ ቀን ካለ ምነው ዕድሜየን ሙሉ ደበቅህብኝ?» አለችኝ። እኔም ገና ዛሬ መስማቴ ነው አልኋት።

ሸክላ ሻጯ ዘንድ ያ ሁሉ ሳቅ ከተነሣ በኋላ ግን ፊትሽን አዞርሽ። ራሴን አመመኝ ብለሽ በመጣሽበት ባጃጅ ተመለስሽ። ይመኙሽ «አንተ ነህ ያስቀየምሃት» አለች። እኔ ምን አደረግሁ?

ስለ ቀለሙ ደግሞ፣ እስክሪብቶየ ቀለም አያፈስም፤ ሰባት ወረቀት ላይ ሞክሬዋለሁ። ስለዚህ እንደገና እጽፈዋለሁ፦ ለልደታ ትመጫለሽ?

በላቸው


ጎንደር፣ መጋቢት 16

በላቸው፣

ራስ ምታት አልነበረም።

ከሩጫው በኋላ እነፀደይ እግራቸውን ድንጋይ ላይ ሰቅለው ሲያፍታቱ አየህና አንተም የተደፋ እንስራ ላይ እግርህን ጫንህ። እንስራው ሲሰበር፣ እግርህ ውስጡ ሲገባ አይቻለሁ፤ ለዚያ ጆሮ አያስፈልግም። ሸክላ ሻጯ ግን አንድ ነገር ተናገረች። ያኔ ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተንከባለለ። ፀደይ እንባዋን ጠረገች። ይመኙሽ ወገቧን ይዛ ቁጭ አለች። እኔ ያን ሁሉ አፍ አየሁ። ከዚያ እጅጌህን ይዤ «ምን አለች?» አልሁህ። አንተ እጅህን አወዛወዝህና «ምንም አይደለም» አልኸኝ።

እኔ ከንፈር ማንበብ አላውቅም በላቸው። አንድ ቃል ብቻ ለይቻለሁ፣ እሱም «ምንም አይደለም» ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያየሁት እሱን ነው። ለቅሶ ቤት፣ ክርስትና ቤት፣ ራሴ ቤት። ሰው ይስቃል፣ ምን ተባለ እላለሁ፣ ምንም አይደለም። ለምንም ነገር እንዲህ ተሰብስቦ የሚስቅ ሰው አላየሁም።

ያንተው ደግሞ የባሰብኝ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ወረቀቱም እስክሪብቶውም ኪስህ ውስጥ ነበሩ። ስሜን ጽፈህ ካሳየኸኝ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም ነበር።

ልደታ አልመጣም። ወይራ ሥር እንደ ተቀመጠ ድንጋይ ሆኜ የሰው ጥርስ ስቆጥር መዋል አልፈልግም። ለአያ ወልደኢየሱስ ሰላምታየን አቅርብልኝ። ልጆቹን ሳምልኝ። በዚህ አትቀየመኝ።

ዝናሽ


አምባ ጊዮርጊስ፣ መጋቢት 22

እትዬ፣

ይኸን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀደድሁት። ይመኙሽ ደብተሩ አለቀ ብላ ጮኸችብኝ። መጀመሪያ ይቅርታ በደንብ የሚጻፍበትን መንገድ ፈለግሁ፤ መምህሬን ብጠይቀው «እንደምትናገረው ጻፈው» አለኝ። እኔ ደግሞ ተናግሬው አላውቅም። ይኸው፦ ይቅር በይኝ።

ሴትዮዋ ያለችው ይኸ ነው። እግሬ እንስራው ውስጥ ተቀርቅሮ በአንድ እግሬ ስዘል ቀና ብላ አየችኝና «አባባ፣ እኔ ይኸን ለውኃ ነበር የሠራሁት። ለጫማ ከፈለጉት ግን ያንዱ እግር ልክ ሆኖልዎታል፤ ሁለተኛውን እስክሠራ ይቀመጡ» አለች። ፀደይ «አጎቴ፣ የሩጫ ነው ወይስ የበዓል?» ስትል ሴትዮዋ «የሩጫስ አይደለም፤ በዚህ ሮጦ ማንን ሊቀድም!» አለች። ይመኙሽ ቁጭ ያለችው ያኔ ነው። ምንም አይደለም ያልሁሽ አፍሬ ነው። በሌላ ሰው የተቀለደ ቢሆን ኖሮ በምልክትም፣ በእግሬም ቢሆን አስረዳሽ ነበር። እኔ የምፈልገው አንች ዘንድ አውቶብስ የቀደመ ሰው ሆኜ እንድቀር ነበር። እንስራውን ገዛሁት፤ ይመኙሽ ዶሮ ታሳድርበታለች።

ለምን ተማርህ ላልሽው ደግሞ ልመልስ። አላልሽኝም፣ እኔ ነኝ ያልሁት፤ ቢሆንም። ጆሮሽ የሄደ ሰሞን ስልክ ደወልሁ። ፀደይ አንሥታ «እማየ አትሰማህም አጎቴ» አለችኝ። «ግድ የለም ለእሷ ስጫት» አልኋት። ስልኩን ጆሮሽ ላይ አደረገችው። ትንፋሽሽ ይሰማኛል። «በላቸው ነህ? በላቸው ነህ?» ትያለሽ። ነኝ እላለሁ፤ አትሰሚም። ከዚያ ወረቀት ላክሽልኝ። አያ ወልደኢየሱስ እንደ ወንጌል እየጎተተ አነበበልኝ። ያንች ቃል በእሱ አፍ ሲወጣ ያንች አልመስል አለኝ። አንች ስትናገሪ እኔ እሰማለሁ፣ እኔ ስናገር አንች አትሰሚም፤ አንች ስትጽፊ ደግሞ እኔ አላነብም። አንዱን እንኳ መቅረፍ የምችለው እኔ ነበርሁ። ሁለት ዓመት አፈርሁ፣ በሦስተኛው ተመዘገብሁ።

አሁን ያሰብሁትን ስሚ፣ ማለት አንብቢ። ለልደታ ያልተጻፈበት አዲስ ደብተር እገዛለሁ። ወይራው ሥር ካንች ጎን እቀመጣለሁ። ሰው የሚለውን ሁሉ፣ ቀልድ ቢሆን ሐሜት ቢሆን፣ እጽፍልሻለሁ። በእኔ ላይ የተቀለደም ቢሆን። እጄ ዘገምተኛ ነው። ይጠብቁኛ! ማን ያጣድፋቸዋል? ንፍሮው እንደሆን ገና ይበስላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ ልተወው ብየ ነበር። አያ ወልደኢየሱስን ታውቂዋለሽ። ቀልድ አያውቅ፣ ውሸት አያውቅ። ከማኅሌት በቀር ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅ። እሱ ግን አንች ከቀረሽበት ከመጀመሪያው ልደታ ጀምሮ፣ ዳቦው ሲታደል ያንችን ድርሻ ይለያል። በመሐረብ ይጠቀልልና አንች ትቀመጭበት ከነበረው ከወይራው ሥር፣ ከዚያ ከጎባጣው ሥሩ ላይ ያኖረዋል። ሰው ሲነሣ ፈርፍሮ ለወፎች ይበትነዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረገ። ለማንም አይናገርም። እኔ ስላየሁት ነው።

አሁን እንደፈለግሽ አድርጊ።

በላቸው


ጎንደር፣ ሚያዝያ 12

በላቸው፣

እንኳን ከጾሙ ወጣህ። ሳልጽፍልህ ከሦስት ሳምንት አለፈ፤ ይቅርታ። ደብዳቤህን በመጻሕፍቴ መካከል አድርጌ አንዳንዴ እያወጣሁ አየዋለሁ።

አያ ወልደኢየሱስ? እርግጠኛ ነህ? ልጅ ሆነን ወድቄ ጉልበቴ ሲደማ «ተነሽ» ብሎኝ ያለፈው አያ ወልደኢየሱስ? ሐኪም ቤት የተኛሁ ጊዜ መጥቶ መዝሙረ ዳዊት ደግሞልኝ ስሜን ሳይጠራ የሄደው? እንዲህ ዓይነት ልብ እንዳለው ሳላውቅ ማርጀቴ ነው። አንተ ብትሆን ኖሮ አላምንም ነበር፤ አትቀየም። የሱ ስለሆነ ግን አለቀስሁ።

እመጣለሁ። ግን ሦስት ነገር አለኝ። ምንም አይደለም የሚለውን ቃል አንድ ሰው አፍ ላይ ካየሁ በዚያው ማኪና እመለሳለሁ። ደብተሩ መስመር ያለው ይሁን፣ ጽሑፍህ ወደ ላይ ይወጣል። ሦስተኛ፣ እሮጣለሁ አላልሁም።

ዝናሽ


አምባ ጊዮርጊስ፣ ሚያዝያ 20

እትዬ ዝናሽ!

መስመር ያለው ደብተር ገዛሁ። ሁለት እስክሪብቶ፤ አንዱ ቢደክም ሌላው አለ። መምህር እንዳልካቸው ለልምምድ ይሁን ብሎ ክፍል ውስጥ ስድስቱን ሴቶች እንዲያወሩ አደረጋቸውና እኔ ጻፍሁ። ኧረ የሴቶቹን ወሬ! ሁለት ገጽ ከሞላ በኋላ ወይዘሮ እታገኘሁ «ይኸ ገጽ ይቀደድልን» አለች።

አትሮጭም፤ አላልሁሽም። ግን ምናልባት ከሮጥሽ፣ አያ ወልደኢየሱስ ዘንድሮ ሩጫውን በቃል አያስጀምርም። በመቋሚያው ነው። ከፍ ያደርገዋል፤ ዝቅ ሲያደርገው መሮጥ ነው። እኔ ነኝ የለመንሁት። «በቃል ቢሆን ምን አለበት?» አለኝ። «ለሁሉም እኩል እንዲሆን ነው» አልሁት። ትንሽ አሰበና «ልክ ነው» አለ። አያ ወልደኢየሱስ ልክ ነው ያለኝ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው፤ ቀኑን ጽፌ አስቀምጨዋለሁ።

ስለ ዳቦው ግን እባክሽ ምንም አትበይው። ዝምተኛ ሰው ነው፣ ያፍራል።

ጫማ ይዘሽ ነይ። ለመንገዱ ነው የምልሽ።

በላቸው


ጎንደር፣ ግንቦት 7

ለወንድሜ ለበላቸው፣

በሰላም ገባሁ። አስናቀው ከፊት ወንበር አስቀምጦ አመጣኝ። ጭኔ ሁለት ቀን አሞኝ ነበር፤ ደረጃ ስወርድ እንደ ዶሮ ወደ ጎን ነበር የምወርድ። ፀደይ ስታየኝ ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃት ስጠይቃት ወረቀት ፈልጋ «እማየ ስትራመጅ ሸርጣን ትመስያለሽ» ብላ ጻፈችልኝ። ሸርጣን የት አይታ! ግን ጻፈችልኝ። ካንተ ነው የተማረችው።

ደብተሩን ይዤው መጣሁ። አርባ አንድ ገጽ ነው። በየቀኑ አነበዋለሁ። ገጽ አራት ላይ ዓይናለም ስለ ምራቷ ያለችውን አንብቤ ዛሬም ሳቅሁ። ያን ቀን ምን እንዳየሁ ልንገርህ። አንድ ሰው ቀልድ ይናገራል፤ ሁሉም ይስቃል፤ ከዚያ ያንተን እስክሪብቶ ያያሉ። አንተ ምላስህን አውጥተህ ትጽፋለህ። እኔ አነብና እስቃለሁ። እኔ ስስቅ እነሱ እንደገና፣ ከመጀመሪያው አብልጠው ይስቃሉ። ሁልጊዜ የምስቀው መጨረሻ ላይ ነበር፤ ግን ማንም ሳይጠብቀኝ አላለፈም። ይመኙሽማ ቀልዷን ማሳጠር ጀመረች፣ እጅህ እንዳይደክም። አንድ ጊዜ ደግሞ «ይኸን አትጻፈው!» ስትልህ ከነ«አትጻፈው» ጻፍኸው።

ስለ ሩጫው የቀረበውን አቤቱታ ሰምቻለሁ፣ ማለት አንብቤዋለሁ። እኔ አልቀበልም። የተባለው ምን ነበር? መቋሚያው ዝቅ ሲል መሮጥ ነው። አያ ወልደኢየሱስ ከፍ አደረገው። ከዚያ ሰው ተሰልፎ ፊቱ ሲቆም፣ አርባ ዓመት ማኅሌት የቆመ እጅ ሌላ ምን ያውቃል? ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ዝቅ፣ ከፍ። ዝማሜውን ጀመረዋ! እናንተ ሁላችሁ ጆሮ ስላላችሁ «ሂዱ» እስኪል ጠበቃችሁ። እኔ ዓይኔ መቋሚያው ላይ ነበር፤ ዝቅ አለ፣ ሮጥሁ። አልሮጥም ብየ ነበር የተሰለፍሁት፣ ለፎቶ ብቻ። እግሬ ግን ያችን ቁልቁለት አወቃት።

«ተመለሽ! ገና ነው!» ብላችሁ እንደጮኻችሁ ገጽ ሃያ ሁለት ላይ ተጽፏል። አልሰማሁም። በሦስት ዓመት ውስጥ አለመስማት የጠቀመኝ ያን ጊዜ ነው። ምንጩ ጋ ደርሼ ዘወር ስል ዘመዱ ሁሉ ቁልቁል ይጎርፋል፤ አንተ ከፊት፣ ደብተሩን በብብትህ ይዘህ። ልትይዘኝ አልቻልህም። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው በላቸው። ለመምህርህ ይኸንንም አውራለት።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ።

አያ ወልደኢየሱስ ዳቦውን ቆርሶ ሲሰጠኝ አላስቻለኝም። አትበይው ብለኸኝ ነበር፤ ግን እጁን ይዤ «አያ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ድርሻየን ስላስቀመጥህልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አልሁት። ዓይኑን ፊቴ ላይ ተከለ። ከዚያ አንተን አየ። ከዚያ ተናገረ፤ አጭር አልነበረም። አፉ ሦስት አራት ጊዜ ተከፍቶ ሲዘጋ አይቻለሁ። አንተ አንገትህን ደፍተህ ደብተሩ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየህ። ስታሳየኝ ግን የተጻፈው አንድ ቃል ነው፦ «አሜን»። ገጽ ሃያ ዘጠኝ። ከላዩ የተሰረዘ ጽሑፍ አለ፤ ወደ ብርሃን አዙሬ ባየውም አልታይ አለኝ።

ሁሉን እጽፍልሻለሁ ብለህ ነበር። አያ ወልደኢየሱስ ምን አለ?

እህትህ ዝናሽ


አምባ ጊዮርጊስ፣ ግንቦት 13

እትዬ ዝናሽ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ቀን ሆነው። ጧት ጧት እሮጣለሁ፣ ተመልሼ እስክሪብቶ አነሣለሁ፣ እንደገና ለመሮጥ እወጣለሁ። ይመኙሽ «ዛሬ ሁለት ጊዜ ምን ነካህ?» አለችኝ። ዓይናለምም አብራኝ መሮጥ ጀምራለች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ። ባትቀድመኝ ጥሩ ነበር።

በቅድሚያ፣ ሩጫውን አሸንፈሻል። አያ ወልደኢየሱስ ራሱ ፈርዷል፤ «እጄ ጀምሯል፣ እጄን የተከተለች እሷ ናት» ብሏል። እኔ አቤቱታየን አንሥቻለሁ። መምህሬም የኔታ አንችን እየላኩ ያስይዙኝ እንደነበር አሁን ያውቃል። ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ሰሌዳ ላይ ጻፍ ብሎኝ ጻፍሁት።

አሁን ገጽ ሃያ ዘጠኝ።

አያ ወልደኢየሱስ ያለው እንዲህ ነው፦ «የምን ድርሻ? እኔ ዳቦውን ባርኬ ከቆረስሁ በኋላ ማን እንደበላ፣ ማን እንደቀረ አላይም። ምን ትላለች ይች ልጅ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «በላቸው፣ ደግሞ ምን ጻፍህላት?» አለኝ። ይኸን በሙሉ ጽፌው ነበር። ከዚያ ፊትሽን አየሁት። ዳቦው በእጅሽ ነበር፤ እሱን እያየሽ ትስቂ ነበር። ሰረዝሁት፤ አሜን ብየ ጻፍሁ። እሱም ቆይቶ ደብተሩን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ንፍሮ ዘግኖ ሰጠኝ። አያ ወልደኢየሱስ ገብቶታል መሰለኝ።

አንች ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ አንተ ብትሆን ኖሮ አላምንም ነበር ብለሽ። ገና ሳትጽፊው አውቀው ነበር። የቆመ አውቶብስ የቀደመ ሰው፣ መሐረብ ውስጥ ዳቦ ጠቅልሎ ወይራ ሥር ማኖሩን ቢናገር ማን ያምነዋል? ሌላ ቀልድ ይመስልሽ ነበር። ስቀሽ ትተይው ነበር፣ ልደታም ትቀሪ ነበር። ስለዚህ ውሸት የማያውቅ ሰው ስም ተዋስሁ።

መሐረቡ እውነት ነው። ጎባጣው ሥር እውነት ነው። ወፎቹም እውነት ናቸው፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ አንዷ ሰው ሳይነሣ መጥታ ጥቅሉን ስትጎትት ይመኙሽ ልታየኝ ምንም አልቀራት። አውቶብሱም ቢሆን እውነት ነው፤ ጎማውን ነግሬሻለሁ።

እንደ ልጅነታችን አጥር ዘልየ ነበር፤ ይኸው ምንጩ ጋ ሳልደርስ ያዝሽኝ። በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ ከራሴ የፈጠርሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ስሙ ነው። ዳቦውን ያስቀመጠው አያ ወልደኢየሱስ አይደለም። ሦስቱንም ዓመት ያስቀመጥሁልሽ እኔ ነኝ፣

በላቸው።